ሱሀይላ ታዛቢ ሆና የሄደችበት ቅዳሜ

ሱሀይላ አንዱን እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ሳታጠልቅ ነው እናቷ በወሬ የሸጠቻት። ሱቁንና ቤቱን የሚለየው አንድ አበባ አበባ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ የሚባለው ሁሉ፣ የስኳር ዋጋም ይሁን የሰው ገመና፣ አልጋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ጎረቤታቸው እትዬ ካሰች እንደ ልማዳቸው በጠዋት መጥተው ግማሽ ሊትር ዘይት እያስቀዱ ነበር፤ ወሬያቸው ግን ሁልጊዜ ከዘይቱ ይበዛል። ስለ ልጆች ተነሳ። ያን ጊዜ እናቷ የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ እየጠራረገች፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ፣ «የኔዋ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች፤ ልጅ ግን አንድ ሰዓት አብሯት አይቀመጥም። አስተማሪ የሚወጣት ንጋቷ ናት» አለች። እትዬ ካሰች «አይ አንቺ፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ» ብለው ሊያለዝቡት ሞከሩ። ሞከሩ እንጂ ራሳቸው አባሱት። የባላቸው ለቅሶ ጊዜ ንጋቷ ከድንኳን ሳትወጣ ውሃ ስትቀዳ፣ ሰሃን ስታጥብ፣ የመጣ የሄደውን ስታስተናግድ መሰንበቷን አነሱና «ያቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አሉ። የሱሀይላን ስም ማንም አልጠራም። ሱሀይላ ያን ሰሞን ፈተና አለኝ ብላ በሯን ዘግታ ስታጠና ነበር የከረመችው።  እሷም መጋረጃው ጀርባ ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች።

ይቺ ንጋቷ የምትባለው ከሚዛን ከተማ ወጣ ብላ ያለችው የሸዋ ቤንች ልጅ ናት። እነሱ ግቢ ካሉት የሚከራዩ ክፍሎች መጨረሻ ላይ ያለችውን፣ ዝናብ ሲመጣ ከአንድ ጥግ የምታፈሰውን ክፍል በወር ሦስት መቶ ብር ተከራይታ ትኖራለች። ትኖራለች ስላችሁ እንደ ተከራይ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የሱሀይላ እናት ሃምሳውን ብር ቀነሰችላት። ቀጥሎ ሱቅ ሲበዛ ታግዘኝ ተባለ። ከዚያ ረመዳን ሲገባ፣ ልጅቷ ጴንጤ ሆና ሳለ፣ ማፍጠሪያ ሰዓት እየጠበቀች ሾርባውን የምታወጣው እሷ ሆነች። በመጨረሻ እናቷ «ልጄ» ማለት ጀመረች። ሱሀይላ እድሜ ልኳን ብቸኛ ሴት ልጅ ሆና ያገኘችውን ቃል ያቺ በአንድ ዓመት ወሰደችው። ደግሞ የሚያናድደው ሁለቱም እዚያው ሚዛን መምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት፣ አንድ ሴክሽን መሆናቸው ነው። በውጤት ሱሀይላ ትበልጣለች፣ በደንብ አድርጋ ነው የምትበልጠው። ሆኖም ኮሪደር ላይ ልጆች የሚከቡት ንጋቷን ነው። አምና ለልምምድ ቴፒ ሄዳ የመጣች ጊዜማ፣ ስለ ቡና ልማቱ ሠራተኞች ልጆች፣ ስለ ሙቀቱ፣ እሷ ስላደረችበት ቤት ስታወራ መምህሩ ሳይቀሩ ወንበር ስበው ሰሟት። ሱሀይላ ልምምዷን የሠራችው ከቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ስለሆነ የምታወራው አልነበራትም።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጋቷ ስትስቅ እንኳ የሳቀችባት ይመስላት ጀመር።

የዛሬው ቅዳሜ ግን ከሌላው ቅዳሜ ይለያል። ጥር ላይ ለእረፍት ሲዘጋ ኮሌጁ ጥቂት ተማሪዎችን አንድ ወር ሙሉ እንዲያስተምሩ ከሚዛን በስተደቡብ ርቃ እስካለችው ቱም ድረስ ሊልክ ነው፤ ከነሱ ሴክሽን የምትሄደው ሴት አንድ ብቻ ናት። መምህር አስረስ፣ ነገሩን የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ንጋቷን አንደኛ ሱሀይላን ሁለተኛ አድርገው ይዘዋል። ሐሙስ ዕለት ሱሀይላን በረንዳ ላይ ለብቻዋ ጠሯትና ንጋቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸዋ ቤንች እየሄደች ልጆች እንደምታስተምር መስማታቸውን፣ እሳቸው መሄድ ስለማይመቻቸው እሷ ታዛቢ ሆና እንድትሄድላቸው ነገሯት። ወረቀት ምናምን አልፈልግም አሉ። ቅዳሜ ማታ ሱቃችሁ ብቅ ስል በአፍሽ ትነግሪኛለሽ፣ እሷ ካልሆነች ተራው ያንቺ ነው አሏት። ምናልባት ሳያስቡት ነው እንዲህ ያሉት፤ ምናልባትም በደንብ አስበውበታል፣ የመምህር አስረስ ነገር አይታወቅም። ንጋቷ የምታውቀው ሱሀይላ ታዛቢ መሆኗን ብቻ ነው፤ ቱም በሱሀይላ ምላስ ጫፍ ላይ መንጠልጠሏን አታውቅም። ሱሀይላ ደግሞ ቱምን ፈልጋታለች። ሚዛን ተወልዳ ሚዛን አድጋ፣ ከዚህ ወጣሁ የምትለው ለአክስቷ ሠርግ ጅማ የሄደችውን ነው፤ እሱንም ከእናቷ ጎን ሳትነቃነቅ። አባቷ ሳዲቅ ስንት ተለምኖ «ኮሌጁ ከላከሽ እሺ» ብሏል። እንዲህ ያለ እሺ ሁለት ጊዜ አይገኝም።

መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ እናቷ ምንም እንዳልተናገረች ሰው ዣንጥላ አቀበለቻት፤ ለሁለታችሁ ነው አለች። ሱሀይላ ዣንጥላውን ተቀብላ ወደ ባንኮኒው ዞረችና ከከረሜላው ብልቃጥ ሁለት እፍኝ ሙሉ ዘግና ቦርሳዋ ከተተች። ልጅ አብሯት አይቀመጥም አይደል የተባለው? እናያለን። አባቷ ጥግ ላይ ሳሙና እየደረደረ ነበር፤ አየ፣ ግን አንዴ ወደ ሚስቱ አንዴ ወደ ልጁ ተመለከተና ወደ ሳሙናው ተመለሰ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ከንጋቷ ጋር መናኸሪያ ቁጭ አሉ። ሱሀይላ መናኸሪያ ውስጥ ማንንም አታውቅም። ንጋቷን ግን ረዳቱ በስሟ ጠራት፣ ቆሎ ሻጯ «እናትሽ ተሻላቸው?» አለቻት፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ በቤንችኛ ተናግረው አሳቋት። ተሳፋሪው የሚያወራው ስለ ጀንፈል ቡና ዋጋ ብቻ ነው፤ አምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ነጋዴው ስንት አወረደው፣ እርጥቡን የሸጠ ተበላ፣ አድርቆ የጠበቀ ሰው ነው። ሱሀይላ የነጋዴ ልጅ ስለሆነች ጆሮዋን ጣል አደረገች፣ ግን አፏን አልከፈተችም። ንጋቷ ዣንጥላውን ጭኗ ላይ አጋድማ «እማ እኮ ሁሌ ታስባለች» ስትል፣ እማ የምትለው የሱሀይላን እናት ነው፣ ሱሀይላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከመኪና ወርደው ወደ ውስጥ በእግር ነው የሚገባው። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ዳርና ዳሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና፣ ቡናው ደግሞ ጥቅምት ስለሆነ ቀልቷል። ንጋቷ ኮንጎ ጫማዋን አድርጋ ጭቃውን እንደ አስፋልት ስትሄደው ሱሀይላ በነጭ ስኒከሯ እያንዳንዷን ድንጋይ ስትመርጥ ወደ ኋላ ቀረች። በየደጁ ሰው ንጋቷን ያስቆማል። ይሳሳማሉ፣ ያወራሉ፣ ሱሀይላ አንድም ቃል አይገባትም። ሸዋ ቤንች ከአፍንጫዋ ሥር ሆና ሳለ እንዲህ እንግዳ የሆነችበት ነገር ገረማት፤ ሚዛን ገበያ ላይ ይሄ ቋንቋ ዕድሜ ልኳን በጆሮዋ አልፏል፣ አንድም ቀን ግን «ምን አላችሁ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ይህን ስታስብ ደግሞ ሌላ ነገር መጣላት። ቱም ላይ እኮ ቤንችኛ አይሠራም! እዚያ ያሉት ሌላ ሕዝብ ናቸው። ንጋቷ እዚህ ብትወደድ የገዛ አገሯ ስለሆነ ነው። ይህቺን ለመምህር አስረስ የምትነገር ብላ በልቧ አስቀመጠቻት።

ቦታው የሰፈሩ ሰው በጋራ ቡና የሚያደርቅበት ሜዳ ነው። በእንጨት እግር ላይ የቆሙ፣ ሽቦ የተነጠፈባቸው ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ እሸት ቡና ተሰጥቷል። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ እዚያ ናቸው። ቡና ሲደርስ አዋቂው ለቀማ ይወርዳል፣ አልጋ መጠበቁና ማገላበጡ የልጅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ትምህርት ቤቱ ግማሹ ባዶ ይሆናል። ንጋቷ ይህን ለማስቀረት አልሞከረችም። ልጆቹን ከአልጋው ሳታነሳ፣ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ አቁማ ታስተምራለች፤ እጃቸው ቡናውን እያገላበጠ የተበላሸውን እየለቀመ አፋቸው ይማራል። እሷም አብራ እያገላበጠች ከአልጋ ወደ አልጋ ትሄዳለች፤ አንዱ ጋ ንባብ፣ አንዱ ጋ ሒሳብ፣ ትንንሾቹ ጋ ፊደል በጭቃ ላይ በስንጥር። ጮክ ብላ አትናገርም። አንዱን ልጅ ጠይቃ ካልመለሰ ቆማ አትጠብቀውም፣ ታልፈውና ዞራ ስትመጣ እንደገና ትጠይቀዋለች፤ እስከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ተንሾካሽኮ ይጠብቃታል።

ሱሀይላ ዛፍ ሥር ቆማ ጉድለት ትለቅማለች። የትምህርት ዕቅድ የለም፣ አንድ። ሰሌዳው የቡና መመዘኛው ባለበት ዳስ ውስጥ ተሰቅሎ ማንም አይጽፍበትም። ሁለት ልጆች ሸንኮራ እያኘኩ ነው የሚማሩት። መልስ እጅ ሳይወጣ ይወረወራል። ደግሞ አማርኛና ቤንችኛ እንደ ሹሮና በርበሬ ተደባልቋል። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱንም ከኪሷ አልጨመረችም። ክፋቱም እዚያ ላይ ነበር፤ ሳትዋሽ ልትጥላት ትችላለች።

እረፍት ሲሆን ንጋቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና እስቲ አንቺም አንድ ነገር አስተምሪልኝ አለቻት። ሱሀይላ ይህችን ነበር የምትጠብቀው። ልጆቹን ዳሱ ውስጥ ጆንያ ላይ በረድፍ አስቀመጠች፣ ሰሌዳውን አጸዳች፣ የማባዛት ሠንጠረዡን ኮሌጅ ውስጥ እንደተባለው አድርጋ፣ ፊደሏ እንደ ማተሚያ፣ ጻፈች። ከዚያ ሠንጠረዡን ሸፍና ከረሜላውን ከቦርሳዋ አወጣች። ቀዩ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ዳሱ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ወደ እጇ መጣ፤ ልቧ በደስታ ዘለለ። ጨዋታው ቀላል ነው አለቻቸው፣ ቀድሞ የመለሰ ይወስዳል። ሰባት ጊዜ ስምንት? ፊት ለፊት የተቀመጠች ሐሴት የምትባል ቀጭን ልጅ፣ እንደ ወፍ ቀልጠፍ ያለች፣ ሃምሳ ስድስት አለች፣ ገና ጥያቄው ሳያልቅ። ሱሀይላ ሁሉም እንዲያይ ከፍ አድርጋ ከረሜላውን ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀበለች፣ ግራ ቀኟን አየች፣ አልላጠችውም፤ ጨበጠችውና እጇን ከጭኗ ሥር ደበቀችው።

ስድስት ጊዜ ዘጠኝ? ዝም። ሱሀይላ ደገመችው። ዝም። አምስት ጊዜ አምስት፣ ይህንንማ ሕፃን ያውቀዋል፣ ሸንኮራ የሚያኝከው ልጅ ራሱ ቅድም ሲመልሰው ሰምታለች፤ እሱም መሬት መሬት ያያል። ሁለት ከረሜላ አለች። ሦስት አለች። ዋጋ ሲጨመር ገበያ ይሞቃል ብላ ነው፣ የሱቅ ልጅ ናት፤ ይሄኛው ገበያ ግን ይባስ ቀዘቀዘ። ሐሴት ከንፈሯን ነክሳለች፣ እንደምታውቀው ዓይኗ ይናገራል፣ አፏ ግን ተሰፍቷል። ከኋላ ንጋቷ አፏን በእጇ ሸፍና ቆማለች። አሃ። ሱሀይላ ያኔ የገባት መሰላት። ጠቅሳቸዋለች! በቤንችኛ አንድ ነገር ብላቸዋለች፣ እኔን ልታዋርድ ነው።  የእናቷ ድምፅ፣ ያ ረጋ ያለው፣ ልጅ አንድ ሰዓት አብሯት አይቀመጥም የሚለው፣ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ልትናገር፣ ክፉ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ልጆቹ በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው ወጡ።

«ቁጭ በሉ!» ብላ ጮኸች። አንድም የዞረ የለም። ጠመኔዋን እንደያዘች ብቻዋን ቀረች። ቆይቶ ነው ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን የሰማችው። ልጆቹ ዝናቡን ከእሷ በፊት አሽትተውታል። ውጪ ሲያዩት ለጉድ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ሸራ እየጎተተ አልጋዎቹ ላይ ይዘረጋል፣ ንጋቷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከወዲያ ጫፍ ትስባለች፣ የወር ልፋት እንዳይሻግት ነዋ። ሱሀይላ ዳሱ በር ላይ ዣንጥላዋን ልትፈልግ ወይስ ልትሮጥ ስታመነታ፣ እስካሁን ድምፁን ያልሰማችው ቲቶ የሚባል ትንሽ ልጅ የሸራ ጫፍ ይዞ ሲታገል አየችው፤ ነፋሱ ልጁን ከነሸራው ሊወስደው ነው። ሄደች። ያዘችለት። ስኒከሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ገባ። ቲቶ እያየ ቆየና እንዲህ አይደለም አላት፤ ጫፉን አጥፎ፣ ድንጋዩን ከላይ ሳይሆን እጥፉ ውስጥ መክተት እንዳለባት አሳያት። ስታበላሸው ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች።

ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም ዳሱ ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ ቆመ። ያን ጊዜ ሐሴት ጭብጧን ፈታች። ከረሜላውን ከነወረቀቱ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በሌላ ድንጋይ ቀጠቀጠችው፣ ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ገለጠችው፤ ልጆቹ አንድ በአንድ እርጥብ ጣታቸውን እያስነኩ ላሱ። ማንም አልተጋፋም። የመጨረሻዋን ፍርፋሪ ሐሴት ለሱሀይላ ዘረጋችላት። ሱሀይላ ምን ታድርግ? ጣቷን አስነካች።

ቆይቶ ከንጋቷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመው ዝናቡን ሲያዩ ለምን ዝም አሉ ብላ ጠየቀቻት። በቁጣ ልትጠይቅ ነበር፣ የወጣው ግን እንደ ልመና ነው።

«ብቻዋን ልታበያት ነበራ» አለች ንጋቷ። «ሌላው ቢመልስ እሱም ብቻውን ሊበላ ነው። ማን ይደፍራል?»

«ከረሜላውን ሳወጣ አይተሽኛል። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

 ንጋቷ ግን አላፌዘችባትም። እሷ ራሷ ቴፒ የሄደች ጊዜ አንዲት ጎበዝ ልጅ ክፍል ፊት አስነስታ አዲስ እስክሪብቶ እንደሸለመቻት፣ በነጋታው የልጅቷ እናት እስክሪብቶውን ይዘው መጥተው ልጄን ከጓደኞቿ አጣላሽብኝ እንዳሏት ነገረቻት። እኔ እኮ እዚሁ ተወልጄ፣ እንዲሁ ተካፍዬ በልቼ አድጌ አላወቅኩትም ነበር አለች፤ ቴፒ ሄጄ ነው የገዛ ሰፈሬን ያየሁት። እኚያ ሴትዮ ከወላይታ የመጡ ናቸው፣ ልጆቹም የየአገሩ ናቸው፣ ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ብቻ አብሬያቸው ውሃ እየቀዳሁ፣ ለቅሶ እየደረስኩ፣ ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ሱሀይላ ይህን ስትሰማ፣ በልቧ ያስቀመጠቻት ያቺ የቱም ቋንቋ ነገር እጇ ላይ ቀለጠች። ከዚያ ይልቅ ግን የቆረቆራት ሌላ ነው። እስካሁን ንጋቷ ሲፈጥራት እንዲህ ናት ብላ ነበር የቀናችው። ተሳስታ፣ ተወቅሳ፣ ሄዳ መጥታ ያገኘችው ከሆነ ግን ሱሀይላም ልታገኘው ትችል ነበር። የሚያንገበግበው ይሄኛው ነው።

ምሳ የንጋቷ እናት የላኩት ቅቅል ጎደሬ በዳጣ ነበር፤ ሁሉም ከአንድ ሰፌድ ላይ በላ። ሰማዩ ሲከፈት ሸራውን ገለጡ፣ ሱሀይላም ሳትጠየቅ አልጋ ዳር ቆማ ማገላበጥ ጀመረች። የማባዛቱን ጥያቄ እንደገና አነሳችው፣ አሁን ግን ለማንም ለብቻው አይደለም፤ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩና ስመለስ ትነግሩኛላችሁ አለች። ዞራ ስትመለስ ነገሯት። ሁሉም አይደለም፣ ግማሹ ተሳስቷል፣ አንዱ ጭራሽ ጥያቄውን ረስቶት ስለ ስኒከሯ ጠየቃት። ቲቶ ግን ለሐሴት ጆሮ ተንሾካሽኮ ሃምሳ አራት አለ። ሱሀይላን ከኮሌጅ ያገኘችው ማንኛውም ሽልማት እንደዚያች ሹክሹክታ አላስደሰታትም። ሊሄዱ ሲሉ ቲቶ ከኋላ ቀሚሷን ሳብ አደረገና «የሚመጣው ቅዳሜ አንቺ ነሽ ወይስ ንጋቷ ናት?» አላት። ንጋቷ ናት ስትለው ፊቱ በራ፣ እሺ ብሎ እየሮጠ ሄደ። ያ መብራት ልክ እንደ እሾህ ነው የወጋት። እናቷ ጠዋት ያለችው እንኳ እንዲህ አልወጋትም። እሷም ብትቀር የምትጠየቅ፣ ስትመጣ ፊት የሚበራላት መሆን ፈለገች፤ እንደዚህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር ኖሮ አያውቅም።

በሚኒባሱ ውስጥ ንጋቷ ራሷን በሱሀይላ ትከሻ ላይ ጥላ ተኛች። ሱሀይላ አልነቃነቀቻትም፣ ግን አላቀፈቻትም። መምህር አስረስ ማታ ሲጠይቋት የምትለውን ታገላብጣለች። «ደህና ናት» ማለት ይበቃል። ደህና ማለት ስድብ አይደለም፣ ምስጋናም አይደለም፤ ሰው ደህና ናት ተብሎ ብቻ ከተተወ መምህር አስረስ ነገሩ ይገባቸዋል። ዕቅድ የለም፣ ሰሌዳ አትጠቀምም። ከዚያ ጥር ላይ ቱም። ከዚያ ተመልሳ ስታወራ ወንበር የሚሳብላት እሷ። መኪናው ሚዛን እስኪደርስ ቃሉን አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ስታዟዙረው መጣች፤ ጣፍጧታል ብዬ ብዋሽ ምን ይጠቅማችኋል፣ ጣፍጧታል።

መምህር አስረስ መብራት ሲበራ መጡ። የሞባይል ካርድና ሁለት ዳቦ ገዙ። እናቷ ባንኮኒው ጀርባ ቆማለች፣ አባቷ ሒሳብ ይሠራል፣ ንጋቷ በረንዳው ላይ ባልዲ አጠገብ ቁጭ ብላ የእግሯን ጭቃ ትታጠባለች፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። መምህሩ ካርዱን በጥፍራቸው እየፋቁ፣ «እህ፣ ታዛቢ፤ እንዴት ናት ታዲያ?» አሉ።

«ደህና ናት» አለች ሱሀይላ።

እዚያ ላይ አቆመች። መምህሩ ቀና አሉ። እናቷ እጇ ላይ ያለውን ዳቦ ከረጢት ውስጥ ሳትከተው ቀረች፤ ውጪ የውሃው ድምፅ ቆመ።  መምህር አስረስ ደህና ብቻ ናት ወይ ለማለት ቅንድባቸውን አነሱ፣ ሱሀይላም አንድ ራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃት እንደነበር አወቀች። ከዚያ ግን ያ የቲቶ ፊት መጣባት። ንጋቷ ቱም ካልሄደች ቅዳሜ ቅዳሜ ሸዋ ቤንች ናት። ንጋቷ ሸዋ ቤንች እስካለች ድረስ ደግሞ ማንም ሱሀይላን አይጠይቅም።

«ሰሌዳ አትጠቀምም፣ ዕቅድም የላትም» አለች ቀስ ብላ። «ሥራቸውን ሳታስተዋቸው ነው የምታስተምራቸው። ልጁ ያልመለሰውን ዞራ መጥታ ትጠይቀዋለች እንጂ ቆማ አታሳፍረውም። እኔ ከረሜላ ይዤ ሄጄ አፋቸውን ዘጋሁት። ቴፒ ባትሄድ እሷም እንደኔ ትሆን ነበር፤ ቱም ብትሄድ ደግሞ ከዚህም ትሻላለች። እሷን ይላኩ።» እናቷ ዳቦውን አስቀመጠች። ሱሀይላ ግን አልጨረሰችም፤ ጉንጮቿ እየጋሉ፣ ወደ መምህሩ ሳይሆን ወደ በረንዳው እያየች፣ «እሷ እስክትመለስ ልጆቹን ለኔ ይስጡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እሄድላቸዋለሁ» አለች።

መምህር አስረስ ደስ አላቸው፣ ይሄማ ከጠበቅኩት በላይ ነው፣ ሸዋ ቤንችም ለአንቺ አገር ማየት ነው፣ ሂጂ አሉና ዳቦአቸውን ይዘው ወጡ። አባቷ ወደ ሒሳቡ ተመለሰ። ከበረንዳው ግን ንጋቷ ገባ ብላ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እግሯ ግማሹ ታጥቦ ግማሹ ጭቃ። ቱም ተሰጥቷት ሳለ ፊቷ ላይ የደስታ ምልክት የለም። «ልጆቹን?» አለች። «አንድ ወር እኮ ነው። ባይማሩም ምንም አይሆኑም።»

የሱሀይላ እናት እንዴ ንጋቷ ብላ አፏን ያዘች። ሱሀይላ ግን አልገረማትም። ያንን ፊት፣ ያንን የከንፈር ጥብቅ ማለት፣ ያንን የሰው ዓይን መሸሽ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ዓመት ሙሉ የራሷ ነበር። ንጋቷን ይዛ ወደ ባልዲው ወጣችና ጆጉን ነክራ እግሯ ላይ ውሃ ታፈስላት ጀመር። ቲቶ ጮክ ብሎ እንዲናገር ምን ባደርግ ይሻላል ብላ ጠየቀቻት።  ንጋቷ እግሯን አሸች፣ በጣቶቿ መሃል ያለውን ጭቃ ለረጅም ጊዜ ፈተገች፣ ወደ ክፍሏ በር አየች፣ ፊቷን መለሰች።

«ሐሴትን ቀድመሽ አትጠይቂያት» አለች በመጨረሻ። «እሷ ከመለሰች እሱ ዝም ነው የሚለው።»